ባለቤት ላጣው የባቡር ድልድያችን የቀረበ አቤቱታ



እኛ አመልካቾች በጨርጨር ተራሮች ግርጌ፣ በአሮጌው የባቡር መስመር ግራና ቀኝ የምንኖር፣ ባቡር የተወውን የብረት ድልድይ በእግራችን የምንሻገር ገበያተኞች፣ ከብት አርቢዎችና የተማሪ ወላጆች ነን።

መስመሩ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. በሰጡት ፈቃድ ተጀምሮ ድሬዳዋ በ1895፣ አዲስ አበባ በ1909 የደረሰ ነው። በ1933 የጣሊያን ጦር ሲሸሽ የአዋሽን ድልድዮች አፈረሰ፤ ከጦርነት የወጣች አገር ግን መስመሩን መልሳ አስኬደችው። ጠላት በፈንጂ የጣለው ተነሥቶ ሳለ፣ የእኛው በሰላም ቀን ብሎን በብሎን ሲፈታ ማየት፣ ድፍረት አይሁንብንና፣ ያሳፍራል።

የዚህ ዓይነቱ ድልድይ ጉልበት በአንድ ወፍራም ብረት ላይ አይደለም። ቀጫጭን ብረቶች ሦስት ማዕዘን እየሠሩ፣ አንዱ ሲገፋ ሌላው እየሳበ፣ ሸክሙን ተቀባብለው እስከ ዳር መሠረቱ ያደርሱታል። እንግዲህ ከድልድያችን ተፈትቶ ለቁራሌ የተሸጠው ሰያፍ ብረት ትርፍ አልነበረም፤ የእሱ ድርሻ በጎረቤቱ ላይ ወደቀ፤ ጎረቤቱን ደግሞ ዝገት በልቶታል። «ባቡር የቻለ ድልድይ ሰው ያቅተዋል?» ብለው የሳቁብን አሉ። ባቡር በአግዳሚዎቹ መካከል ሾልኮ አይወድቅም፤ ሕፃን ግን ይወድቃል።

አንዱ መሥሪያ ቤት ንብረቱ የባቡር ነው ይለናል፤ ሌላው መስመሩ ሥራ ስላቆመ በጀት የለውም ይላል። አዲሱ ባቡር በ2009 ሲመረቅ አሮጌው ከመዝገብ ወጥቶ ይሆናል፤ ገደሉ ግን እዚያው አለ። ድልድዩ ይዘጋ እንዳይባልም እንሰጋለን። ከተዘጋ የሚቀረን ከታች ያለው አሸዋ ነው፤ እሱ በበጋ መንገድ ነው፤ በክረምት ግን እኛ ጋ ሰማዩ ጠርቶ እያለ ደጋ ላይ የዘነበው ደራሽ ሆኖ ይመጣል፤ ከብትም ሰውም አይለይም።

ስለዚህ አዲስ ድልድይ አንለምንም። ይህ ድልድይ የማን ኃላፊነት እንደሆነ በጽሑፍ ይገለጽልን፤ መሐንዲስ መጥቶ ይመርምረው፤ በመሐሉ ላሜራ ይነጠፍ፤ ዳርና ዳሩ መደገፊያ ይበየድለት። የተሰረቀ ብረት የሚሸጠው ብቻ ሳይሆን የሚገዛውም ይጠየቅ፤ እስከ ዛሬ የሚያዘው ብረቱን የሚሸከመው ልጅ ብቻ ነው። አሸዋና ድንጋይ ማቅረቡን፣ የቀን ሥራውንና የሌሊት ጥበቃውን እኛ እንችላለን።

መልሱ እንደ እስከ ዛሬው በቃል ሳይሆን፣ ቁጥርና ማኅተም ባለው ደብዳቤ፣ ክረምቱ ሳይገባ እንዲሰጠን በትሕትና እናመለክታለን።

ድልድዩን በእግር የምንሻገር ነዋሪዎች