የዓባይን ልጅ መብራት ጠማው፤ የቆጠበውም ተቀጣ!

ጎበዝ! እስቲ ካርታውን ዘርጉት። ዓባይ ከጣና ወጥቶ፣ እስቴን በግራው ትቶ፣ ስማዳን ጥግ ጥጉን ዞሮ፣ በሽሎን ተቀብሎ ቁልቁል ይነጉዳል። ወርዶ ወርዶ ጉባ ላይ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ ይገባል። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። እሰየው! የመሠረት ድንጋዩ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከተጣለ ጀምሮ ቦንድ ያልገዛ፣ ከደመወዙ ያልተቆረጠበት ማን አለ? የጋይንት ነጋዴም፣ የስማዳ መምህርም፣ የእስቴ ገበሬም ከጉሮሮው ነጥቆ ሰጥቷል። ምርቃቱን የሚጠላ የለም።

ታዲያ የነፋስ መውጫው አልቤርጎ ለምን በሻማ ያመሻል? የወገዳው ሻይ ቤት ለምን በጭስ ይታፈናል? የመካነ ኢየሱሱ ዳቦ ቤት ሊጡ ቡሖ ቡሖ እስኪደፋ ለምን መብራት ይጠብቃል? የጥንቱ ሰው “የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው” ብሎ ነበር። ዛሬ ቢነሳ “መብራት ጠማው” ብሎ ያርመው ነበር።

ነገሬ ግን ስለ መብራት መጥፋት ብቻ አይደለም። መብራቱ ሲመጣም ቆጣሪው አለ። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ሳይነካ የቆየው ታሪፍ በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ጭማሪ ተጀመረበት። እሱ ሳይረሳ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ እየጨመረ አራት ዓመት የሚዘልቅ ሌላ ጭማሪ መጣ። ጄኔሬተር ላስነሳ የሚልም አልተረፈም፤ በዚያው በ2017 የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ100 ብር ዘለለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ባትሪና የፀሐይ ፓነል ዋጋው ሰማይ ነካ። ባለሆቴሉ በየት በኩል ይተንፍስ?

መተንፈሻው አንድ ነው፤ መቆጠብ! አሮጌውን አምፖል በኤልኢዲ መቀየር፣ ጣሪያ ላይ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ መስቀል፣ ሙቀት የሚያባክነውን ምጣድ በደህና ምጣድ መተካት፣ ነፋስ የሚያስገባውን በርና መስኮት መድፈን። የጉና ብርድ የሚወርድበትን የላይ ጋይንትን ደጋ የሚያውቅ ሰው ይህ ቅንጦት እንዳልሆነ ይረዳል። የከተማዋ ስም እንኳ ነፋስ መውጫ ነው! ስሟን ያወጡት ሰዎች ያለ መሐንዲስ አውቀውታል።

አሁን ወደ ግብሩ እንምጣ። መንግሥታችን ለሚቆጥብ ሰው ምን ያደርጋል?

ባለሆቴሉ የንግድ ድርጅት አቋቁሞ፣ ሒሳብ መዝግቦ ይሠራል እንበል። 400,000 ብር አውጥቶ ፓነልና ማሞቂያ ገዛ። በ2009 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር ደንብ ቁጥር 410 ስሌት እንዲህ ያለው ዕቃ በእኩል ዓመታዊ አከፋፈል በዓመት 15 በመቶ እርጅና ይታሰብለታል። ይኸውም 60,000 ብር ነው። በ30 በመቶ ግብር ሲሰላ በመጀመሪያው ዓመት ከግብሩ የሚቀርለት 18,000 ብር ብቻ! ገንዘቡን ዛሬ አንድ ጊዜ ከፈለ፤ ቅናሹ ግን ሰባት ዓመት ገደማ እየተንጠባጠበ ይመጣለታል። ጣሪያና ግድግዳ ካሻሻለማ የሕንፃ ማሻሻያ የሚታሰበው በ5 በመቶ ነው። ሃያ ዓመት! የዛሬ ሃያ ዓመት ብር ምን እንደነበረ የሚያስታውስ ሰው፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የምትመጣዋ ቅናሽ ምን እንደምትገዛ ይንገረኝ።

ሌላው ዓለም እንዲህ አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣችው ሕግ ኃይል ቆጣቢ የንግድ ሕንፃ ለሠራ ወይም ላሻሻለ ባለቤት ለእያንዳንዱ ስኩዌር ጫማ እስከ 1 ዶላር ከ80 ሳንቲም ከገቢው ላይ እንዲቀንስ ፈቀደች፤ በ2022 መጠኑን ከፍ አደረገች። በሐምሌ 2025 የወጣው ሕግ ግን ከሰኔ 2026 በኋላ ግንባታው ለሚጀመር በሩን ዘጋ። ሰጥቶ መንሣት እዚያም አለ ማለት ነው። አሜሪካ ሀብታም ናት ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ደቡብ አፍሪካን እንያት። መብራት በፈረቃ ሲያሰቃያት፣ ከመጋቢት 2023 እስከ የካቲት 2025 እ.ኤ.አ. የፀሐይ ፓነል ለተከለ ነጋዴ የወጪውን 125 በመቶ በመጀመሪያው ዓመት እንዲቀንስ ፈቀደች። መቶ ያወጣ መቶ ሃያ አምስት ይቀነስለታል! የመብራት እጦት ያስተማራት ይህን ነው። እኛን ምን አስተማረን?

እኛ ዘንድ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጁ ሲሻሻል ምን መጣ? የትርፍ ግብሩ ከዓመታዊ ሽያጩ 2.5 በመቶ በታች ከሆነ 2.5 በመቶውን ይክፈል የሚል! እስቲ በቁጥር እንየው። ሆቴሉ በዓመት 4 ሚሊዮን ብር ሸጠ፤ 500,000 አተረፈ። ግብሩ 150,000 ነው። ነገ መንግሥት ልቡ ራርቶ “የ400,000 ብሩን ማሞቂያ በሙሉ ቀንስ” ቢለው ትርፉ 100,000፣ ግብሩ 30,000 በሆነ ነበር። ግን የሽያጩ 2.5 በመቶ 100,000 ብር ነውና እሱን ይከፍላል። 120,000 ብር ሊቀርለት ሲገባ 50,000 ብቻ ቀረለት። 70,000ውን ሌላው እጅ ነጠቀው። ስለዚህ ቅናሽ ይፈቀድ ብሎ መጮህ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ይህቺ አንቀጽ ካልተነካች ቅናሹ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

መዝገብ የማይዘው ትንሹስ? በቁርጥ ግብር የሚተዳደረው ባለአልቤርጎ የሚገበረው በሽያጩ ነው። ወጪው አይታይለትም። ምጣድ ቀየረ አልቀየረ፣ አምፖል ገዛ አልገዛ ለግብሩ ያው ነው። እንዲያውም ይብስበታል! በ2009 ዓ.ም. ክረምት የወረደውን የቀን ገቢ ግምት ማን ይረሳል? ስንት ሱቅ ተዘጋ፣ ስንት ሰው አደባባይ ወጣ! እንዲህ ያለ ገማች በር ላይ ቆሞ “እትዬ፣ ቤቱ ደመቅ ብሏል፤ ሥራው ሞቅ ያለ ይመስላል” ካለ፣ ያቺ ባለአልቤርጎ ነገ አምፖሏን ትነቅላለች እንጂ አትጨምርም። በጥር 2017 የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ደግሞ ሕንፃን በዋጋው ያስገብራል። ቤትህን ባሻሻልክ ቁጥር ታክስህን አሻሻልክ! ታዲያ ይህ ቆጣቢን መሸለም ነው ወይስ መቅጣት?

“ይህ ለባለሕንፃ ጥብቅና መቆም ነው” የሚል አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ አልሸሸውም። ለሆቴል ተብሎ ያለ ቀረጥ የገባ ዕቃ ገበያ ላይ ሲቸበቸብ አይተናል። ባለኮከብ ሆቴል የሚሠራው ትልቁ ባለሀብት የማበረታቻ በር ሲከፈትለት ኖሯል፤ የወረዳው ባለአልቤርጎ ግን ያን በር አያውቀውም። እኔ የምለው ለትልቁ ሌላ በር ይከፈት አይደለም። ለትንሹም ይድረስ ነው! ደግሞስ ጥቅሙ የባለሆቴሉ ብቻ ነው እንዴ? የእንጀራ ጋጋሪዋ ዓይን ከጭስ ይድናል። ለማገዶ የሚጨፈጨፈው ባህር ዛፍ ለቤት ማገር ይተርፋል። ማሳ ላይ መበተን የነበረበት ኩበት ወደ ማሳው ይመለሳል። በድርቅ ስሙ ሲነሳ ለኖረ አገር ይህ ተራ ነገር አይደለም።

ካሣም ከተባለ ይህ ሕዝብ ካሣ ይገባዋል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ገብቶ ለዘጠኝ ቀን ያህል ሲከርም ሴቶች ተደፈሩ፣ ንብረት ተዘረፈ። ቁስሉ ሳይሽር ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ። የወረታ–ወልድያ መንገድ መንገደኛ ሲያጣ አልቤርጎው ምን ይሸጣል? አጼ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር መቅደላ ሲያስጎትቱ በዚሁ በጨጨሆ ነበር ያለፉት። ያን ጊዜ ጎታቹ ቢያንስ የሚጎትተውን ያውቅ ነበር። ዛሬ ነጋዴው እየጎተተ ያለው ምን እንደሆነ እንኳ አልተነገረውም።

ስለዚህ የምንለው አጭር ነው። አንደኛ፣ በዝርዝር የተለዩ ኃይል ቆጣቢ ዕቃዎች ወጪ በተገዙበት ዓመት በሙሉ ይቀነስ፤ የ2.5 በመቶዋም አንቀጽ ይህን ቅናሽ አትንካው። ሁለተኛ፣ በቁርጥ ለሚገብረው ትንሽ ነጋዴ የግዢው የተወሰነ እጅ ከግብሩ ላይ በቀጥታ ይታሰብለት። ሦስተኛ፣ እንዲህ ያለ ማሻሻያ በንብረት ታክስ ግምት ውስጥ አይግባ። አራተኛ፣ ሌባው እንዳይገባበት ዕቃው በደረሰኝ ይመዝገብ፤ መተከሉንም በአካባቢው ያለ የቴክኒክና ሙያ መምህር አይቶ ይፈርም። በ2001ና በ2002 መንግሥት ራሱ በሚሊዮን የሚቆጠር ቆጣቢ አምፖል በነፃ አላደለም እንዴ? ያኔ መቆጠብ ለአገር ይጠቅማል ከተባለ፣ ዛሬ በራሱ ገንዘብ የሚቆጥበው ሰው ምን አጠፋ?

ነጋዴው ግብር አልከፍልም አላለም። ዓባይን ገድቦ ብርሃን የሚሸጥ መንግሥት፣ ብርሃኑን ለቆጠበለት ሰው ቢያንስ ጨለማ አይጨምርበት ነው የምንለው። ሰሚ ካለ!

ቸር ወሬ ያሰማን።