እስከ ዘጠኝ ዓመቷ ያላነበበችው ደራሲ



መቼም እኛ ዕጩ መምህራን ከማስተማር ልምምድ ስንመለስ ዋናው ወሬያችን ስለ «ደካማ ተማሪ» ነው። «ሦስተኛ ክፍል ደርሶ ፊደል አይለይም»፣ «እሱ ልጅ እንኳ ትምህርት አይገባውም» እንባባላለን። እኔም ብያለሁ። ይህ አነጋገራችን ትክክል አለመሆኑን የተረዳሁት ግን የአንዲት ደራሲ የሕይወት ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ስለሆነ፣ ዛሬ በዚህ ሰሌዳ ላይ አስተያየቴን ለማካፈል ፈለግሁ።

ደራሲዋ እንግሊዛዊቷ ሮዝሜሪ ሰትክሊፍ ናት። የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1920 ሲሆን፣ አባቷ የባሕር ኃይል መኮንን ስለነበሩ ልጅነቷን ያሳለፈችው ከወደብ ወደ ወደብ በመዘዋወር ነው። ማልታ ደሴት ላይም ኖራለች። ገና በሕፃንነቷ መገጣጠሚያን የሚያሳብጥና የሚያጣምም ክፉ በሽታ ያዛት። በሽታው ዕድሜ ልኳን አልለቀቃትም፤ በተሽከርካሪ ወንበር ትሄድ ነበር።

እንግዲህ ይህች ልጅ እስከ ዘጠኝ ዓመቷ ድረስ ማንበብ አልቻለችም። ከእኛ አንዳችን አስተምረናት ቢሆን ኖሮ ምን እንል ነበር? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ነገር ግን በቤቷ አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም የእናቷ ድምፅ ነው። እናቷ ጮክ ብለው ያነቡላት ነበር። የዲከንስን ልብ ወለዶች፣ የጥንት ሰሜናውያንን አፈ ታሪክ፣ ኪፕሊንግ በእንግሊዝ ስለነበሩ የሮማ ወታደሮች የጻፋቸውን ታሪኮች ሁሉ ሰምታለች። እናቷ አሳምረው ስለሚያነቡላት ራሷ ማንበብ ያለባት ለምን እንደሆነ እንኳ አልታያትም ነበር። በጆሮዋ የገባው ግን በከንቱ አልቀረም። ዓይኗ ከፊደሉ ጋር ሳይተዋወቅ ጆሮዋ የቋንቋን ዜማና የታሪክን አካሄድ ጠግቦ ነበር።

በ14 ዓመቷ መደበኛ ትምህርቷን አቁማ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባች፤ በትንንሽ የመልክ ሥዕል የታወቀች ሠዓሊም ሆነች። ሥዕሉ ግን እየጠበባት ሄደና ወደ ድርሰት ዞረች። የመጀመሪያዎቹ መጻሕፍቷ በ1950 ወጡ። በ1954 ደግሞ ስሟን ያስጠራው «የዘጠነኛው ሌጌዎን ንስር» ታተመ።

የዚህ መጽሐፍ መነሻ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ ዘጠነኛው የሮማ ሌጌዎን በሰሜን ብሪታንያ እንደ ወጣ ቀረ የሚለው የቆየ ወሬ ነው። ሁለተኛው በ1866 በሲልቸስተር ከመሬት ተቆፍሮ የተገኘ ክንፍ የሌለው የነሐስ ንስር ነው። ሮዝሜሪ ሁለቱን አገናኝታ አንድ ወጣት መኮንን ፈጠረች። ማርቆስ ይባላል። በመጀመሪያው ውጊያ እግሩ ቆስሎ ከውትድርና ይወጣል። ከዚያም ባሪያው ከነበረውና ነፃ ካወጣው ኤስካ ጋር፣ የዓይን ሐኪም መስሎ ከሐድርያን ግንብ ባሻገር ይሻገራል። የሚፈልገው የአባቱን ሌጌዎን ንስር ነው። ማርቆስ አንካሳ መሆኑን ልብ በሉልኝ። በ1958 ባሳተመችው ሌላ መጽሐፍም ድሬም የተባለው የነሐስ ዘመን ልጅ አንድ እጁ የሰለለ ነው፤ በነገዱ ዘንድ እንደ ወንድ ለመቆጠር ግን ተኩላ መግደል ይጠበቅበታል። ይህን የጻፈችው ሕመሙን በራሷ አካል የምታውቅ ሰው ናት። ታዲያ ድሬምን በምትጽፍበት ጊዜ አታዝንለትም፤ ትፈትነዋለች፤ ይወድቃል፤ እንደገናም ይነሣል። «አይ፣ ይኼ ምስኪን ነው፣ ተዉት» አላለችም።

በ1959 በወጣው መጽሐፏ በእንግሊዝ ለልጆች መጻሕፍት የሚሰጠውን የካርኔጊ ሜዳልያ ተሸለመች። እስከ ዕለተ ሞቷ፣ ማለትም እስከ ሐምሌ 1992 ድረስ (ይህም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) መጻፏን አላቋረጠችም።

ከዚህ ላይ አንዳንድ ጓደኞቼ የሚያነሡትን ተቃውሞ ማለፍ አልፈልግም። «ልብ ወለድ ታሪክን ያዛባል፤ ለልጅ እውነቱን መንገር ነው» ይላሉ። ከፊሉ እውነት ነው። ዘጠነኛው ሌጌዎን በብሪታንያ ጠፍቶ አልቀረም ይሆናል፤ ምክንያቱም ወደ ዋናው አውሮፓ መሻገሩን የሚጠቁም ማስረጃ በሆላንድ በናይሜኸን ተገኝቷል። የሲልቸስተሩም ንስር የጦር ዓርማ እንዳልነበረ ሊቃውንት ይናገራሉ። በእኔ በኩል ግን ይህ መጽሐፉን ለመጣል ምክንያት አይሆንም። መምህሩ መጽሐፉን ካነበበላቸው በኋላ «ይህ የደራሲዋ ፈጠራ ነው፣ ይህ ደግሞ ከመሬት የተገኘ ነው» ብሎ ቢለይላቸው፣ ልጆቹ ታሪክ በማስረጃ የሚመረመር መሆኑን ያኔ ይማራሉ። ዓመተ ምሕረት ብቻ ያሸመደደ ልጅ ግን ምን ብሎ ይጠይቃል?

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። በማስተማር ልምምዴ ጊዜ በኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበረኝ። ማንበብ አይችልም። «እሱን ተወው፣ ጊዜህን አታጥፋ» ተባልኩ፤ እኔም ተውኩት። ልምምዱ እስኪያልቅ ድረስ አንድ ቀን እንኳ በስሙ አልጠራሁትም። ያ ልጅ ታሪክ ሲነበብለት ጆሮው ይቆም እንደሆነ፣ «ከዚያስ?» ብሎ ይጠይቅ እንደሆነ አላውቅም። ለምን ቢባል በዚያ ክፍል አንድም ቀን ጮክ ብዬ ታሪክ አላነበብኩም። የሮዝሜሪን ሕይወት ሳነብ ትዝ ያለኝ እሱ ነው። ደካማው እሱ ነበር ወይስ እኔ?

እርግጥ ነው፣ ዘግይቶ ያነበበ ሁሉ ደራሲ አይሆንም። ጮክ ብሎ ማንበብም ፊደል ማስቆጠርን አይተካም፤ ሮዝሜሪም በመጨረሻ ያነበበችው ተምራ ነው። እኔ የምለው ይህ ነው፦ ከፊደሉ ጀርባ የሚያጓጓ ነገር መኖሩን ያልሰማ ልጅ፣ ለምን ብሎ ይደክማል? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያልን የምንተርተው ለልጆቹም መሆን አለበት።

ስለዚህ ሐሳብ አቀርባለሁ። ለሚቀጥለው ልምምድ ስንወጣ እያንዳንዳችን በትምህርት ዕቅዳችን መጨረሻ ላይ አሥር ደቂቃ እንመድብ፤ በዚያች አሥር ደቂቃ ጥቁር ሰሌዳ የለም፣ ጥያቄና መልስ የለም፣ ማንበብ ብቻ። መጽሐፍ ባይገኝ እንኳ አያቶቻችን የነገሩንን የአካባቢያችንን ታሪክ ጽፈን እንያዝ። የኋላ ወንበሩንም ወደ ፊት እናምጣው።

በዚህ የማይስማማ ካለ ከጽሑፌ ጎን ሰሌዳው ባዶ ነውና ይጻፍበት፤ ደስ ይለኛል።