ማታ ጭብጨባ፣ ጧት ሐሜት

ባለፈው ሴሚስተር የቴያትር ክበባችን አንድ አጭር ድራማ ለማሳየት ተነሥቶ ነበር። ድርሰቱ አምስት ተጫዋቾች ይፈልጋል፤ ከነዚህም አንዷ ሴት ናት። ይህን ክፍል የያዘችው ጓደኛችን ቃሏን ከሁላችን ቀድማ አጥንታ፣ ከሁላችን በልጣ ስትሠራ ቆይታ፣ ሊታይ አራት ቀን ሲቀረው ተወችው። ምክንያቱን ብንጠይቃት መልሷ አጭር ነበር፤ በመኝታ ቤቱና በምግብ አዳራሹ የሚወራባትን መስማት ሰልችቷታል። መድረክ ላይ ሚስት ሆና የወንድ እጅ ስለ ያዘች፣ ከመድረክ ውጭ ስሟ ጠፋ። ያወሩት እነማን ናቸው ብለን ሩቅ አንሂድ፤ እኛው ነን። በመጨረሻ አንድ ወንድ ነጠላ ተከናንቦ ክፍሏን ተጫወተ። ማልቀስ በሚገባን ቦታ ላይ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

በዚያ ማታ የሳቅን ሁሉ ያላስተዋልነው ነገር ቢኖር ሰባ ዓመት ያህል ወደ ኋላ መመለሳችን ነው። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላም ቢሆን፣ ሴት ልጅ በሕዝብ ፊት ቆማ መጫወቷ እንደ ነውር ይቆጠር ስለ ነበረ፣ የሴቱን ክፍል የሚይዘው ቀሚስ የለበሰ ወንድ ነበር። አዝማሪ የሚለው ቃል ራሱ የሙያ ስም መሆኑ ቀርቶ ስድብ ሆኖ ኖሯል። ይህን የተዘጋ በር ገፍተው ከገቡት ሴቶች ግንባር ቀደሟ ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ናቸው። በሀገር ፍቅርም፣ በ1948 ዓ.ም. ተመርቆ ዛሬ ብሔራዊ ቴያትር በምንለውም ቤት ሠርተዋል፤ ተዋናይ ብቻ ሳይሆኑ ክራር ደርዳሪና ዘፋኝም ነበሩ። በመስከረም 2004 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ደግሞ ራሔል ሳሙኤል ያዘጋጀችው የሕይወታቸው ፊልም ለሕዝብ ታይቷል። በዚህ ፊልም ውስጥ ወይዘሮ አስናቀች በእርጅናቸው ወራት ስለ ጥበባቸውም፣ ስለ ፍቅራቸውም በገዛ አንደበታቸው ይናገራሉ።

ለመሆኑ እኛ ተማሪዎች ስለ እኚህ ሴት ስናወራ የምናነሣው የትኛውን ነው? ማንን ወደዱ፣ ማን ወደዳቸው የሚለውን አይደለምን? የዛሬውን ሐዘን ነገ ማታ እንደ አዲስ ማዘን እንዴት እንደሚቻል፣ ድምፅን ሳይጮኹ እስከ ኋለኛው ወንበር ማድረስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ፣ እጅ ክራሩን ሲመታ አፍ እንዴት ግጥም እንደሚፈጥር የሚጠይቅ ከመካከላችን ጥቂት ነው። ይህ ግን ዕውቀት ነው፤ እኛ በአርትስ ፋኩልቲ ከመጽሐፍ ከምንማረው የማያንስ ዕውቀት ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «እሳቸው ራሳቸው የግል ኑሯቸውን አልደበቁም፤ ታዲያ እኛ ብናወራ ምን አጠፋን?» ይላሉ። መልሳችን ይህ ነው። ሰው የገዛ ሕይወቱን ሲናገር ምስክርነት ነው፤ ሌላው ሲያወራለት ግን ሐሜት ነው። ደግሞስ ንጉሥ ሆኖ የተጫወተውን ወንድ በማግሥቱ እጅ አንነሣውም፤ ሌባ ሆኖ የተጫወተውንም ስናገኘው ኪሳችንን አንጠብቅም። አፍቃሪ ሆና የተጫወተችውን ሴት ብቻ በያዘችው ክፍል የምንፈርድባት ስለ ምንድን ነው? ለወንዱ ጥበብ ያልነውን ለሴቷ ጠባይ ካልነው፣ ጉድለቱ ከመድረኩ ሳይሆን ከወንበሩ ነው።

ሰው ካልሞተ ወይም ካልሄደ አይመሰገንም ይባላል። ወይዘሮ አስናቀችን ዛሬ ማመስገን ቀላል ነው፤ አይሰሙንም፣ አይወቅሱንም። አስቸጋሪው በሕይወት ያለችውን፣ በአንድ ጣሪያ ሥር የምትማረውን ጓደኛችንን ማክበር ነው። ተማርን የምንለው ወጣቶች ያልተማሩ የምንላቸውን አያቶቻችንን ፍርድ መልሰን የምንፈርድ ከሆነ፣ የተማርነው ምኑን ነው?

ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ክበቡ በሚመጣው ሴሚስተር ያንኑ ድራማ ይድገመው፤ ከዚያ በፊት ግን ያወራነው ሁሉ ሄደን ጓደኛችንን ይቅርታ እንጠይቃት። ትመለስ አትመለስ የእርሷ ፈንታ ነው። ሁለተኛ፣ ማኅበራችን ዕድሜያቸውን በመድረክ ካሳለፉት ሴቶች አንዷን ጋብዞ በአዳራሻችን ያናግርልን። ጠያቂዎቹም እኛ እንሆናለን። የመጀመሪያው ጥያቄ ግን «ባል አለዎት ወይ?» እንዳይሆን፣ ከወዲሁ እርስ በርሳችን ቃል እንግባ።