ድመቷ ከጣሪያ ስትወድቅ ምን እንጠይቃለን?

በአገራችን ድመት ወደ ቤት የምትገባው አይጥ እንድትይዝ፣ ውሻም ግቢ እንዲጠብቅ ነው። ሥራቸውን እስከ ሠሩ ድረስ ትርፍራፊ ይጣልላቸዋል፤ ከዚያ ያለፈ ትኩረት ሲሰጣቸው እምብዛም አይታይም። ይሁን እንጂ ምሳሌያዊ አነጋገሮቻችን ሌላ ነገር ይመሰክራሉ። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ያለው ሰው ድመትን ለረጅም ጊዜ በጽሞና የተመለከተ ሰው መሆን አለበት። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ያለውም እንዲሁ። አያቶቻችን አብረዋቸው የሚኖሩትን እንስሳት ጠባይ አስተውለው፣ ያስተዋሉትን በአንዲት ዐረፍተ ነገር ቋጥረው አስተላልፈውልናል።

ዛሬ በከተሞቻችን ድመትንና ውሻን ለሥራ ብቻ ሳይሆን ለጓደኝነት የሚያሳድጉ ቤተሰቦች እየታዩ ነው። ከእነርሱም ጋር ደስ የሚሉ ጨዋታዎች ይመጣሉ። ቡና እየተጠጣ አንዱ በከረጢት ታስራ ከሰፈር ርቃ የተጣለች ድመት ከሳምንት በኋላ ተመልሳ እንደ መጣች ያወራል፤ ሌላዋ ውሻቸው ባለቤቷ ከሥራ የሚመለስበትን ሰዓት አውቆ በር ላይ እንደሚጠብቀው ትናገራለች። አድማጩ «ጉድ ነው!» ይላል፤ ስኒው ይሞላል፤ ወሬውም ወደ ሌላ ጉዳይ ያልፋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያሉትን ጨዋታዎች ማጣጣል አይደለም። ለመግለጽ የምፈልገው እምነት ይህ ነው፦ የሳይንስ ተማሪ ከ«ጉድ ነው!» በኋላ «እንዴት?» ብሎ መጠየቅን ልማድ ካላደረገ፣ በክፍል ውስጥ የሚሸመድዳቸው ቀመሮች ከፈተናው ወረቀት አልፈው አብረውት አይኖሩም። ይህን ልማድ ለመጀመር ደግሞ በቤታችን ካሉት እንስሳት የተሻለና የረከሰ ቤተ ሙከራ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ከታወቀው ምሳሌ እንነሳ። ድመት ጀርባዋን ወደ መሬት አድርጋ ብትወድቅ እንኳ በእግሮቿ እንደምታርፍ ሁላችንም እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ1894 ፈረንሳዊው ተመራማሪ ኤቲየን ዡል ማሬ በተከታታይ ምስል ማንሻ መሣሪያው የምትወድቅ ድመትን ፎቶግራፍ አንስቶ ለአገሩ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ። በጊዜው ብዙዎች ድመቷ የምትገለበጠው የያዛትን ሰው እጅ ገፍታ በመነሣት ነው ብለው ያምኑ ነበር። ምስሎቹ ግን መውደቅ በጀመረችበት ቅጽበት ድመቷ ምንም ዓይነት ሽክርክሪት እንዳልነበራት አሳዩ።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እንደሚያውቀው አንድን አካል ከውጭ የሚያዞረው ነገር እስከሌለ ድረስ አንጉላር ሞመንተሙ አይለወጥም። ዜሮ ሆኖ ከጀመረ ዜሮ እንደ ሆነ ይቀራል። ታዲያ አየር ላይ ያለች፣ የምትደገፈው ነገር የሌላት ድመት እንዴት ልትገለበጥ ቻለች? ሕጉ ተሰብሯልን?

ሕጉ አልተሰበረም። ስሕተቱ ድመቷን እንደ ድንጋይ ወይም እንደ ግንድ ግትር አካል አድርጎ ማሰቡ ላይ ነው። ድመት ወገቧ ላይ የምትታጠፍ፣ የፊትና የኋላ አካሏን ለየብቻ ማዞር የምትችል ፍጥረት ናት። በመጀመሪያ የፊት እግሮቿን ወደ ደረቷ ትሰበስባለች፤ የኋላ እግሮቿን ትዘረጋለች። የተሰበሰበው የፊት ክፍል ለመዞር ቀላል ስለሆነ ብዙ ይዞራል፤ የተዘረጋው የኋላ ክፍል ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ጥቂት ብቻ ይዞራል። ቀጥሎ ነገሩን ትገለብጠዋለች፦ የፊት እግሮቿን ዘርግታ የኋላዎቹን ትሰበስብና የኋላ ክፍሏን ታዞራለች። በእያንዳንዱ ቅጽበት የሁለቱ ክፍሎች አንጉላር ሞመንተም ተደምሮ ዜሮ ነው፤ በመጨረሻ ግን ድመቷ ተገልብጣለች። እ.ኤ.አ. በ1969 ቶማስ ኬን እና ኤም. ፒ. ሸር የተባሉ ተመራማሪዎች ድመትን እንደ ሁለት የተያያዙ ሲሊንደሮች ቆጥረው ይህ እንዴት እንደሚሆን በሒሳብ አሳይተዋል። ከማሬ ፎቶግራፍ እስከዚህ ስሌት 75 ዓመታት እንዳለፉ ልብ ይሏል።

ይህን ለማረጋገጥ ድመትን መወርወር አያስፈልግም፤ ነውርም ነው። በደንብ በሚዞር የቢሮ ወንበር ላይ እግራችሁን ከወለል አንሥታችሁ ተቀመጡ። በሁለት እጆቻችሁ ከበድ ያሉ መጻሕፍት ያዙ። እጆቻችሁን ዘርግታችሁ ወደ ግራ አዙሩ፤ ሰውነታችሁ ወደ ቀኝ ይዞራል። ከዚያ መጻሕፍቱን ወደ ደረታችሁ ሰብስባችሁ ወደ መካከል መልሱና እንደገና ዘርጉ። ይህን ደጋግማችሁ ስትሠሩ ማንንም ሳትገፉ ቀስ በቀስ ትዞራላችሁ። ድመቷ ሳትማር የምታውቀውን እናንተ ተምራችሁ ሠራችሁት ማለት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህም ይቀርባል። ድመት ወተት ስትጠጣ ያላየ አለን? ይሁንና እንዴት እንደምትጠጣ በዝርዝር የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። በአሜሪካ በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠሩ አራት ተመራማሪዎች፣ ማለትም ፔድሮ ሬይስ፣ ሰንግህዋን ጁንግ፣ ጄፍሪ አሪስቶፍ እና ሮማን ስቶከር፣ ውጤታቸውን «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አወጡ። መነሻቸው ስቶከር ቁርስ ሰዓት ላይ የገዛ ድመቱን ሲመለከት የመጣበት ጥያቄ ነበር። ድመት ወተቱን በምላሷ እንደ ማንኪያ አትቀዳም። የምላሷን ጫፍ የወተቱን ገጽ አስነክታ በፍጥነት ወደ ላይ ትስበዋለች፤ ወተቱ በኢነርሺያ ምክንያት ቀጭን ዓምድ ሆኖ ምላሱን ይከተላል። የመሬት ስበት ዓምዱን ወደ ታች ከመመለሱ በፊት ድመቷ አፏን ትዘጋለች። ይህን በሰከንድ አራት ጊዜ ያህል ትደግመዋለች። እንደ አንበሳ ያሉት ትልልቅ ዘመዶቿ ደግሞ ዝግ ብለው ይልሳሉ። በየማለዳው በየቤቱ የሚታይ ነገር መልስ ያገኘው አንድ ሰው ቆም ብሎ ስለ ተመለከተው ነው።

ውሻስ? የራሰ ውሻ ሲራገፍ አጠገቡ የቆመ ሰው ዝናቡን ይካፈላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ከአይጥ እስከ ድብ ያሉ እንስሳትን ሲራገፉ በፈጣን ካሜራ አንሥቶ አነጻጽሯል። አይጥ በሰከንድ 30 ጊዜ ያህል ስትራገፍ ድብ 4 ጊዜ ያህል ብቻ ይራገፋል። ምክንያቱን የክብ እንቅስቃሴን ምዕራፍ የተማረ ሁሉ ሊገምት ይችላል፦ የሰውነት ስፋቱ ሲያንስ ውሃውን ከጸጉር ለማላቀቅ የሚያስፈልገው ፍጥነት ይጨምራል። ለፈተና የሸመደድነው ቀመር በረንዳችን ላይ ቆሞ እየተራገፈ ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻ ጉዳይ አለ። ደስ የሚል የእንስሳ ታሪክ ሁሉ እንደ ተነገረ እውነት አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በበርሊን ከተማ ሃንስ የተባለ ፈረስ ነበር። ባለቤቱ ቪልሄልም ፎን ኦስተን ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነበር። ፈረሱ የሒሳብ ጥያቄ ሲቀርብለት መልሱን በኮቴው መሬት እየመታ ይቆጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1904 ጉዳዩን እንዲመረምር የተሰየመ ቡድን ማታለል አላገኘም። በኋላ ግን ኦስካር ፕፉንግስት የተባለ ተመራማሪ አንድ ቀላል ነገር ሞከረ፦ ጠያቂው ራሱ መልሱን እንዳያውቅ አደረገ። ሃንስ መመለስ ተሳነው። ጠያቂውን እንዳያይ ሲደረግም እንዲሁ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1907 የታተመው ውጤት እንዳስረዳው ፈረሱ ሒሳብ አያውቅም፤ ቁጥሩ ትክክለኛው ላይ ሲደርስ ጠያቂው ሳያውቀው የሚያሳየውን ጥቃቅን የራስና የፊት እንቅስቃሴ ግን አሳምሮ ያነብባል።

ይህ ታሪክ በሁለት ምክንያት ይገርመኛል። አንደኛ፣ ምርመራው ታሪኩን አላደበዘዘውም። የሰውን ፊት እንዲህ አድርጎ የሚያነብ ፈረስ ከሚደምር ፈረስ አያንስም። ሁለተኛ፣ ሃንስን በየክፍላችን አገኘዋለሁ። መምህሩ «መልሱ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?» ብሎ ሲጠይቅ ተማሪው ሰሌዳውን ትቶ የመምህሩን ቅንድብ ይመለከታል። «ይጨምራል» ብሎ ይጀምርና ቅንድቡ ሲነሣ «አይ፣ ይቀንሳል» ይላል። መምህሩም «ጎበዝ!» ብሎ ያልፋል። ጥፋቱ የተማሪው ብቻ አይደለም፤ መልስ እንጂ ምክንያት የማይጠይቅ አስተማሪ ሃንሶችን ያፈራል። መድኃኒቱም ፕፉንግስት ያሳየን ነው፦ መምህሩም መልሱን አስቀድሞ የማያውቀውን ጥያቄ ለተማሪ መስጠት። የእናንተ ድመት በደቂቃ ስንት ጊዜ ትልሳለች? መልሱ በማንም ቅንድብ ላይ አልተጻፈም።

እስቲ በር ላይ ወደሚጠብቀው ውሻ እንመለስ። ውሻው ሰዓቱን ያውቃል ከማለታችን በፊት ሌሎች መላምቶችን እንደርድር። ምናልባት የጌታውን ኮቴ ወይም የመኪናውን ድምፅ ከሩቅ ሰምቶ ይሆናል። ምናልባት እናት ምጣድ መጣዷን ወይም የጎረቤት ልጆች ከትምህርት ቤት መመለሳቸውን ምልክት አድርጎት ይሆናል። እንግዲህ ጌታው ለሁለት ሳምንት ያህል በተለያየ ሰዓት፣ አንዳንዴ በታክሲ አንዳንዴ በእግሩ ይምጣ፤ ቤት ያለው ሰውም የሚመጣበትን ሰዓት ሳይነገረው ውሻው በር ላይ የቆመበትን ደቂቃ ይመዝግብ። ይህ እርሳስና ደብተር ብቻ የሚጠይቅ እውነተኛ ምርምር ነው።

«በልቶ ማደር ለሚከብደው ሕዝብ የውሻና የድመት ወሬ ቅንጦት ነው» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ለዶክትሬት ጥናቴ በውጭ አገር በቆየሁበት ጊዜ ለውሻ የሚወጣውን ወጪ አይቼ እኔም ተገርሜአለሁ፤ ያንን እንድንቀዳ አልመክርም። እኔ የምለው ግን የምንገዛውን ሳይሆን የምናየውን ነው። ማሬ ለፎቶግራፉ የተለየ መሣሪያ መሥራት ነበረበት፤ ዛሬ በብዙ ተማሪዎች ኪስ ያለው ስልክ በሰከንድ 30 ምስሎች ያነሣል። ይህም ለእያንዳንዱ የድመት ልሰታ ሰባት ወይም ስምንት ምስል ይሰጣል። የጎደለን መሣሪያ ሳይሆን መጠየቅ ነው።

ደግሞም አለማስተዋል ሕይወት ያስከፍላል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው የእብድ ውሻ በሽታ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎችን ይገድላል፤ አብዛኞቹ በእስያና በአፍሪካ የሚኖሩ ሲሆኑ፣ ከመቶ 40 ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በፊት ግን መከላከል ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ክትባት መጀመር አለበት። ከውሾች 70 በመቶው ቢከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። ውሻውን የሚወድ ቤተሰብ ፍቅሩን የሚገልጸው በማሻሸት ብቻ ሳይሆን በማስከተብም ነው።

የማወቅ ጉጉትም ልጓም ያስፈልገዋል። ላይካ የተባለችው ውሻ እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1957 በስፑትኒክ 2 ወደ ሕዋ ስትላክ የምትመለስበት ዘዴ አልተዘጋጀላትም ነበር። ለብዙ ዓመታት ቀናት ኖራለች ሲባል ከቆየ በኋላ፣ በሙቀት ምክንያት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መሞቷ በ2002 ይፋ ሆነ። ከላኳት ሳይንቲስቶች አንዱ የነበሩት ኦሌግ ጋዜንኮ በ1998 ጸጸታቸውን ገልጸዋል። ስለዚህ ተማሪዎች ሆይ፣ የቤታችሁን እንስሳ ስትመረምሩ ተመልካች ሁኑ እንጂ አታሠቃዩ። የሚፈራ እንስሳ የሚያሳያችሁ ፍርሃቱን ብቻ ነው።

በመጨረሻ ለሁለት ወገኖች ሐሳብ አቀርባለሁ። መምህራን በየሴሚስተሩ ቢያንስ አንድ የቤት ሥራ ተማሪው በቤቱ ወይም በደጁ ከሚያየው እንስሳ የተነሣ እንዲሆን ቢያደርጉ መልካም ነው፤ መልሱም ከጓደኛ የማይገለበጥ ይሆናል። ተማሪዎች ደግሞ አንዲት ትንሽ ደብተር ያዙ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያያችሁትንና የገመታችሁትን ለየብቻ ጻፉ፤ ያያችሁትን ከገመታችሁት ጋር አታቀላቅሉ። ቡና ላይ የሚነገረውን ጨዋታም በደስታ ስሙ፤ «ጉድ ነው!» በሉ፤ ከዚያም «እንዴት?» ብላችሁ ጠይቁ።