ስለ መኪና ማርሽና ስለ ዓባይ ቁልቁለት

«ቪትዝ» የምትባለው ትንሽ የቶዮታ መኪና በአገራችን መንገድ ሁሉ የታወቀች ናት። በደምበጫም ቤተሰቡን አሳፍሮ ለክርስትናና ለተዝካር የሚጓዝባት አለ። ነገር ግን የማርሹን ፊደላት ጠባይ ለይቶ የማያውቅ ነጂ ስለሚያጋጥመን፣ በዚህ ወር ስለዚሁ ጥቂት ልናስረዳ ወደናል።

ባለ እጅ ማርሽ በሆነች መኪና ሞተሩን ከጎማው የሚያለያየው ነጂው ነው፤ ይኸውም ፍሪሲዮን በመርገጥ ነው። በአውቶማቲክ ግን፣ በተለይ በቀድሞዎቹ፣ ኃይሉን የሚያስተላልፈው ዘይት ነው። የወንዝ ውሃ የወፍጮውን መዘውር መትቶ እንደሚያዞር፣ ሞተሩ የሚገፋው ዘይትም ማርሹን ያዞራል።

ከፊደላቱም «ፒ» መኪናይቱ ቆማ የምትታሰርበት፣ «አር» ወደ ኋላ የምትሄድበት፣ «ኤን» ፎሌ፣ «ዲ» ዘወትር የምትነዳበት ነው። ከነዚህ በታች በቀድሞዎቹ ላይ «2» እና «ኤል»፣ ከኋለኞቹም በአንዳንዶቹ ላይ «ቢ» ይገኛሉ። እነዚህ ዝቅተኛ ማርሾች ናቸው፤ አንዳንድ ሰው ግን አንድ ቀን እንኳ ሳይነካቸው መኪናዋን ይሸጣል።

በደጋ አየሩ ስስ ስለ ሆነ እንዲህ ያለ ትንሽ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከኃይሉ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ስለዚህ ዳገት ላይ ጭነት ከብዷት ስታቃስት ነዳጅ አብዝቶ ከመርገጥ ወደ «2» ዝቅ ማድረግ ይሻላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የቁልቁለቱ ነገር ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ደጀንን ሲያልፍ ወደ ዓባይ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። አንዳንዱ ነጂ ቤንዚን ለመቆጠብ ሲል በዚህ ስፍራ ፎሌ ያገባል። ይህ ቀድሞ ካርቡሬተር በነበረበት ዘመን የተለመደ ነው፤ ዛሬ ግን ቁጠባ የለውም። የአሁኑ ሞተር በማርሽ ሲወርድ፣ ነጂው እግሩን ከነዳጅ መስጫው ካነሣ፣ ቤንዚኑን ራሱ ይዘጋል፤ በፎሌ ግን እንዳይጠፋ ሲል ይጠጣል። ከዚህም በላይ የመኪናዋ ክብደት በሙሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ፍሬኑም ሲግል ዘይቱ ይፈላል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ ቢረገጥ እስከ ታች ይሰምጣል እንጂ መኪናዋን አያቆምም። ሞተሩን አጥፍቶ መውረድ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል፤ የፍሬኑና የመሪው አጋዥ ኃይል ይጠፋልና።

ስለዚህ በቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ፍጥነትን ቀንሶ «2»ን ወይም «ቢ»ን ማግባት ይገባል። ጎማው ሞተሩን ለማዞር ስለሚገደድ መኪናይቱ ራሷን ትይዛለች። ፍሬኑንም ረግጦ መልቀቅ እንጂ ሳያቋርጡ መጫን አይገባም። ፔዳሉ ከላላ ግን ዳር ይዞ ቆሞ እስኪበርድ መጠበቅ ነው።

በብዙ መኪና ውስጥ የቅዱሳን ሥዕል ተሰቅሎ እናያለን፤ መልካም ነው። ነገር ግን ጌታችን በቤተ መቅደስ ጫፍ ላይ ሳለ ራሱን ይወረውር ዘንድ የፈተነውን ዲያብሎስ እንዳልሰማው እናስታውስ። ጸሎት ከጥንቃቄ ጋራ ይሄዳል። በኋላ ወንበር የተኙት ሕፃናት ማርሹ በምን ላይ እንዳለ አያውቁም፤ ማወቅ ያለበት አባታቸው ነው።

እግዚአብሔር መውጣታችሁንና መግባታችሁን ይባርክ።