ዝም ያለ ሁሉ ሥራ ፈት አይደለም፦ በቴሌቪዥን የጨዋታ ውድድር የሴት ረዳት አቅራቢ ድርሻ

በቴሌቪዥን የጨዋታ ውድድሮች መድረክ ላይ የሚቆሙ ሴት ረዳት አቅራቢዎች ብዙ ጊዜ እንደ ጌጥ ይቆጠራሉ። በተለመደው አሠራር መናገር የወንዱ አቅራቢ፣ መታየት የሴቷ ድርሻ ነው። ይሁን እንጂ ያልተነገረውን ሁሉ እንዳልተሠራ መቁጠር ስሕተት ነው፤ «ዊል ኦፍ ፎርቹን» የተሰኘው የአሜሪካ ዝግጅት ታሪክ ይህን በሚገባ ያስረዳል።

ቫና ኋይት እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ተወዳዳሪዎች የገመቷቸውን ፊደላት በሰሌዳው ላይ እየገለበጠች ታሳይ ነበር። በ1997 ሰሌዳው በኤሌክትሮኒክ ስክሪኖች ሲተካ የሚገለበጥ ነገር ቀረ። ሥራዋ መገልበጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ እርሷም አብራ በቀረች ነበር። አለመቅረቷ የተመልካቹን ዓይን መምራት፣ የጨዋታውን ፍጥነት መጠበቅና የተወዳዳሪውን ደስታ መጋራት ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን ያመለክታል።

የዚህ ሙያ ዋጋ በፍርድ ቤትም አከራክሯል። ሳምሰንግ ባሠራው ማስታወቂያ ላይ ዊግ፣ ረጅም ቀሚስና ጌጣጌጥ ያደረገ ሮቦት ከተመሳሳይ ሰሌዳ አጠገብ ቆሞ ታየ፤ ስሟም ሆነ ፎቶግራፏ አልነበረም። የዘጠነኛው ምድብ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1992 ክሷ ሊታይ ይገባል ሲል ወሰነ፤ በ1994ም 403,000 ዶላር ካሳ ተፈረደላት። በውሳኔው ያልተስማሙት ዳኛ ግን ማስታወቂያው ያሳየው የሥራ ድርሻውን እንጂ ሴትዮዋን አይደለም ብለው ነበር። ይህ አስተያየት ድርሻውን ማንም እንደሚለብሰው ካባ ይመለከታል። ተመልካቹ ያለ ስምና ያለ ፊት ቫናን ከለየ ግን፣ ድርሻው በባለሙያዋ የዓመታት ጥረት የተቀረጸ ነው ማለት ይቻላል።

ካሳው መልኳን አስከበረ እንጂ የመናገሪያውን ቦታ አልሰጣትም። ዋናው አቅራቢ በ2019 ቀዶ ሕክምና ባደረገ ጊዜ ዝግጅቱን ተክታ የመራችው እርሷ ነበረች፤ ይህም ሥራውን ከጀመረች ከ37 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የችሎታ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ባልተጠበቀ ነበር፤ ለዝምታዋ ምክንያቱ የሥራ ክፍፍሉ ነው።

ስለሆነም የመገናኛ ብዙኃን ጥናት የሴቶችን ተሳትፎ በንግግር ደቂቃ ብቻ መለካት አይገባውም። እንቅስቃሴንና የጊዜ አጠባበቅንም መመዘን፣ መድረኩን ማን ለማን እንዳከፋፈለም መጠየቅ አለበት። አለበለዚያ መለኪያው የሴቲቱን ድካም ለሰሌዳው ያስረክባል።