«ጊዜ ማሳለፊያ»

ባለፈው እሑድ እንጦጦ ፓርክ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ሸራ ወጥረው የሚስሉ እናት አየሁ። ዕድሜ ልካቸውን ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ከወጡ በኋላ ብሩሽ የጨበጡ ናቸው። አንድ ጎልማሳ ዋጋ ጠየቃቸው። ሲነግሩት ሳቀና፣ «እማማ፣ ለእርስዎማ ጊዜ ማሳለፊያ አይደል? የቀለሙን ልክፈልዎት» አላቸው።

ይህቺ ቃል አንጀቴን ታሳርረኛለች! በሃምሳ ዓመቱ ሱቅ የከፈተን ሰው ስኳሩን በነፃ ስጠን እንለዋለን? ለሠዓሊ ሲሆን ዕድሜ ምነው ዋጋ ማስቀነሻ ሆነ?

ቄስ አዳሙ ተስፋው ከጎጃም፣ ከቢቸና ናቸው። እርግጥ ሥዕልን የቀመሱት በቤተ ክርስቲያን ነው፤ እንጀራቸው ያደረጉት ግን ክህነቱን ትተው አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሎስ አንጀለስ በሚገኘው ፋውለር ሙዚየም ሥራዎቻቸው ለብቻቸው ሲታዩ ሰባን ተሻግረው ነበር። ያን ሁሉ ዘመን የኖሩት በምርቃት አልነበረም፤ በገዢ ነው።

ምጽዋት ይሰጥ አላልኩም። ሥዕሉ ካላማረህ «አላማረኝም» በልና እለፍ፤ ሠዓሊ ለተባለ ሰው ይህም ክብር ነው። የሚገድለው «ጎበዝ እማማ» ብሎ ኪስን መቆለፍ ነው።

እናትየዋ ዋጋቸውን አልቀነሱም። ሰውየው ሄደ። እኔም፣ ይህን ሁሉ የምለፈልፈው ሰው፣ «በርቱ» ብያቸው ባዶ እጄን ወደ ታክሲው ወረድኩ።